ጫሞ ዳር የተጠበቀው ሙሽራ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። አርባ ምንጭ ያኔ የሰሜን ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ነበረች። እኔ ደግሞ በላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ተወልጄ ያደግሁ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምር፣ ግንቦት ላይ ለማግባት ቀን የተቆረጠልኝ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አስቴር እባላለሁ።

ቀን ተቆረጠልኝ ስል ደስ ብሎኝ ነበር ማለቴ አይደለም። ከጥር ጀምሮ ደህና እንቅልፍ አልነበረኝም። እጮኛዬ ሰለሞን በታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ትልቅ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር ያላቸው ሰዎች ልጅ ነው። ቁመናው ያማረ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ ለእናቱ የሚታዘዝ። እናቱ ሠርጉ ሆቴል ካልሆነ ይላሉ። እናቴ ደግሞ ልጄ ከደጄ፣ ከድንኳን ነው የምትወጣው ብላ ሙጭጭ ብላለች። የሚዜዎች ቀሚስ ቀለም አጣልቷል። መልሱ የት ይሁን የሚለው ሽማግሌ አስልኳል። እኔ በመሃል ከሴቻ ቁልቁል ሲቀላ፣ ከሲቀላ ሽቅብ ሴቻ እመላለሳለሁ። ከሰለሞን ጋር ስንገናኝ የምናወራው ስለ ወንበር፣ ስለ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ማን እንደተጠራና ማን እንደተረሳ ነው። ድሮ ሌላ ወሬ እንደነበረን እንኳ ዘንግቼው ነበር።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ፒተር ቆሟል።

ፒተርን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሆላንዳዊ ነው። ከዚያ በፊት ካምባ ወረዳ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ኖሮ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። አባቴ ጋሽ ዘውዴ የዚያ ሥራ ሾፌር ስለነበር ፒተር ወደ ከተማ በወረደ ቁጥር የሚያድረው እኛ ቤት ነው። አማርኛ የተማረው ካምባ፣ አፋቸውን በጋሞኛ ከፈቱ ሠራተኞች ጋር ሲውል ነው። "አንተ" እና "አንቺ" እንደተምታቱበት ቀሩ።

"ጋሼ አለች?" አለኝ እየሳቀ።

"አባዬ ውስጥ ነው፤ ግባ እንጂ!"

ከኋላው አንዲት ረጅም ሴት ቆማለች። ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ የያዘች። አና ትባላለች። ገብተው ተቀመጡ፣ ማንጎ ቀረበላቸው፣ ሰላምታው አለቀ። ፒተር ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኛ ልንጋባ መጣን" አለ።

"እሰይ! አገራችሁ ስትመለሱ ነው?" አለው አባዬ።

"አይደለም። እዚህ። ሐሙስ።"

እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "የትኛው ሐሙስ?"

"ይሄ የሚመጣው።"

እናቴ ወደኔ ዞረች። "ወላጆቿስ? እናቷ የት አሉ? ጠይቂያት።"

ጠየቅኋት። አና ቀስ እያለች፣ እየተርጎምኩላት መሆኔን እያየች፣ ነገረችን። እናትና አባቷ ከተፋቱ ቆይተዋል። እናቷ እሱ የሚመጣ ከሆነ ሠርግሽ ላይ አልገኝም ብላለች። አባቷ አዲሷ ሚስቴ ካልተጠራች እኔም የለሁበትም ብሏል። አክስቶቿ በሁለት ተከፍለዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ወንበር አቀማመጥ ሲጨቃጨቁ ኖረው አንድ ቀን ፒተር፣ "ጋሽ ዘውዴ ቤት ሄደን ለምን አንጋባም?" አላት። እሷም እሺ አለች። ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ ስመልስ የራሴን ጉዳይ በሌላ ሰው አፍ የማወራ መሰለኝ።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ "እናት የሌላት ሙሽራ ከዚህ ቤት አትወጣም። እናቷ እኔ ነኝ፤ በያት" አለችኝ።

ነገርኳት። አና ብድግ አለች፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ግራ ገባትና፣ ከላይ ወደ ታች ጎንበስ ብላ የእናቴን ግንባር ሳመች። እናቴ፣ "ውይ፣ ቁመቷ!" ብላ ሳቀች።

የሁለቱ ሐሳብ ቀላል ነበር። ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈረም፣ ከዚያ ጫሞ ሐይቅ ዳር ከአሥር የማይበልጥ ሰው ሆኖ ዓሣ መብላት። ድንኳን የለ፣ ቪዲዮ የለ፣ ሚዜ የለ። ቀሚሷ ሻንጣዋ ውስጥ ተጣጥፎ የመጣ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነው። የተጣጠፈውን ቀሚስ ዘረጋሁና መልሼ አጣጠፍኩት። ቅናት ነው ለማለት ያኔ አልደፈርኩም።

ፒተር የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጋሽ ሻንካ ካልመጣች እኔ አላገባም።"

ጋሽ ሻንካ ካምባ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ፒተር ቤታቸው ተከራይቶ ይኖር ነበር። ወባ በጣለው ጊዜ መኪናው በሌለበት፣ ጎረቤት አስተባብረው በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መንገዱ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። አባዬ ከሚያውቀው ሰው አሮጌ ላንድሮቨር ተውሶ ማክሰኞ በጠዋት ከፒተር ጋር ወጡ። ረቡዕ ማታ ሊመለሱ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ደጋው ላይ ጥቁር ደመና ተከምሮ ዋለ። እኛ ጋ ግን ጠብ አላለም። አና ከእናቴ ጋር ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራውን የጋሞ ምግብ፣ ኩርኩፋ፣ ስታድበለብል ዋለች። የሷ ኩርኩፋ አንዱ የእንቁላል፣ አንዱ የለውዝ ያህል እየሆነ እናቴን በሳቅ ፈጃት። አመሻሽ ላይ ግን መኪና በሰማን ቁጥር ሦስታችንም በሩን እናያለን። አልመጡም።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ አናን አለበሰቻት። ከነጩ ቀሚስ ላይ የራሷን ጥበብ ነጠላ ደረበችላት። "ካደሩበት በጠዋት ተነስተው ቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ይመጣሉ" አለች፤ እኛም አመንን። ሄድን። የጋብቻ ክፍሉ ሠራተኛ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየን።

"ሙሽራውስ?"

"መንገድ ላይ ነው" አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የሚያልፈው ሁሉ ነጠላ የለበሰችውን ፈረንጅ ያያል፣ ቀጥሎ ባዶውን ጎኗን ያያል። አና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እግሯ ግን ወለሉን ይመታል። ልቋቋመው አልቻልኩም። ተነስቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

እዚያ ከደቡብ፣ ከካምባ በኩል የሚመጣ መኪና አልገባም። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ ጫት ሳይሆን ብስጭት የሚያኝክ ይመስላል።

"ሲሌ ወንዝ ሞልቷል። ከትናንት ጀምሮ የሚያሻግር የለም፤ እኔም ከመንገድ ነው የተመለስኩት" አለኝ።

"አንድ ነጭ የያዘ ላንድሮቨር..."

"ጋሽ ዘውዴን ነው የምትዪው? ወዲያ ማዶ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ነው። በጩኸት ነው ያወራነው። መኪናውን ትተን በሐይቁ፣ በጀልባ እንመጣለን፣ ቤቴ ንገሩልኝ ብሎኛል። እኔም አሁን ልመጣ ነበር።"

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እየሮጥኩ ተመልሼ ለእናቴ በአማርኛ፣ ለአና በእንግሊዝኛ ነገርኩ። አና አቀፈችኝ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ "እስከ ሥራ መውጫ እዚህ ነኝ፤ አይዟችሁ" አለን። ቀድመን ዓሣና የሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ ወዳዘዝንባት ወደ ጫሞ ጀልባ ማረፊያ በፒካፕ ወረድን።

እዚያ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ማርታ የምትባል ሴት አለች። የጫኖ መንደር ልጅ ናት፤ መዝሙር ከአፏ አይጠፋም። ዳሱን ጠርጋ፣ የሙዝ ቅጠል አንጥፋ ጠበቀችን። ሐይቁ ጠዋት ላይ እንደ መስተዋት ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ ለመልቀም ይንጎራደዳሉ። ጥሩ ቀን ይመስል ነበር።

ቀትር አለፈ። ውሃው ላይ ከሩቅ ጥቁር መስመር ታየ።

"ነፋሱ መጣ" አለ አንዱ ዓሣ አስጋሪ፤ ቀና እንኳ ሳይል።

ጫሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ብዙም ሳይቆይ ማዕበሉ ዳርቻውን ይገርፍ ጀመር። ውጭ የነበሩ ጀልባዎች አንድ በአንድ እየተጣደፉ ገቡ። አንደኛው ከሲሌ በኩል የመጣ ነበር። ሮጬ ደረስኩበት።

"አንድ ፈረንጅና ሁለት ሰዎች የያዘ ጀልባ አይታችኋል?"

ሰውየው ሸሚዙን እየጨመቀ፣ "አይተናል እንዴ! አብረን ነው ጭነት ስንጭን የነበርነው። ሞተር ያላት ጀልባ ናት። ከኛ በፊት ነው የተነሱት" አለኝ። ከዚያ ዙሪያውን አየና ፊቱ ተለወጠ። "አልደረሱም እንዴ?"

እዚያ ቦታ አማርኛም እንግሊዝኛም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስዞር እናቴ ሰምታለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አና አልሰማችም። ፊቴን ታያለች።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"ይመጣሉ አለ" አልኳት።

"አስቴር፣ እንደዚያ አላለም። ያለውን እንዳለ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ቃል በቃል። ለእናቴ ያልተናገርኩትን፣ ለራሴም ያላልኩትን፣ በባዕድ ቋንቋ ለእሷ አልኩት፤ ከነሱ በኋላ የተነሳው ደርሷል፣ እነሱ አልደረሱም። አባቴ ዋና አይችልም። ይህንንም ጨመርኩላት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አና ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ሄዳ ከእናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እናቴ ሳታያት እጇን ያዘቻት።

ዓሣ አስጋሪዎቹን ለመንኩ። "እህቴ፣ በዚህ ነፋስ የወጣ አይመለስም። ሲበርድ እንወጣለን" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከዳሱ እስከ ውሃው፣ ከውሃው እስከ ዳሱ እመላለሳለሁ። ማርታ ምድጃዋ ፊት ተንበርክካ በጋሞኛ ትጸልያለች። እናቴ የድንግል ማርያምን ስም ትጠራለች። አና ዓይኗን ከውሃው አታነሳም። የተጠበሰው ዓሣ ቀዘቀዘ።

በዚህ መሃል የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰማሁ። ሰለሞን ነው። ወሬው ሲቀላ ደርሶ ነው የመጣው። ሳየው ትከሻው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። እሱም ጀርባዬን መታ መታ አደረገልኝ። ላብ አጥምቆታል።

"አይዞሽ፤ ይመጣሉ።"

"ከኋላቸው የተነሳው ደርሷል፣ ሶል።"

ሐይቁን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እግዜር አያምጣው እንጂ፣ አንድ ነገር ቢሆን... ሠርጉን እንዴት ልናደርገው ነው? ካርዱ እኮ ተበትኗል" አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። ክፋት አልነበረበትም። ፈርቷል፤ የፈራ ሰው የለመደውን ነው የሚያስበው፤ እኛም ከጥር ጀምሮ የለመድነው ይኸንኑ ነው። ነገር ግን ከትከሻው ላይ ራሴን አነሳሁ። ደግሜ አልተደገፍኩም። እሱም ያለውን ያወቀ መሰለኝ፤ ወደ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሄዶ ሲያወራ ቆየ።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል ነፋሱ ደከመ። ሁለት ጀልባ ለፍለጋ ሊወጣ ሲገፋ፣ አና በድንገት ቆመች። እኛ በምናይበት አቅጣጫ አይደለም የምታየው። በግራ በኩል፣ ሸምበቆው ወደሚበዛበት ታያለች።

አንድ ጥቁር ነጥብ። ጀልባ። ሞተር የለም፤ በመቅዘፊያ ነው የሚመጣው። ዳርቻው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ጠጋ አለ።

"ስንት ሰው ነው?" አለች እናቴ። "ዓይኔ አያይልኝም፤ ስንት ሰው ነው?"

አየሁ። የሚቀዝፈው የጀልባው ባለቤት ነው። ከፊት አንድ ረጅም ሰው በሳንቃ ያግዘዋል፤ ፒተር ነው። ሌላ የተቀመጠ ሰው አይታየኝም። አንድ ነገር ግን ጋቢ ተሸፍኖ የጀልባው ወለል ላይ ተጋድሟል። እናቴ መልስ አልጠበቀችም። ዕድሜ ልኳን የሐይቅ ውሃ እግሯን ነክቶት የማያውቅ ሴት፣ ከነጫማዋ ወደ ውሃው ገባች። አናም ከጎኗ። "አዞ አለ! ኧረ አዞ አለ፣ ተመለሱ!" እያሉ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጮሁ። አንዳቸውም አልሰሙም። ውሃው እስከ ጉልበታቸው ደረሰ። ሰዎቹ ገብተው ጎትተው እስኪያቆሟቸው ድረስ ሁለቱም እየሄዱ ነበር።

ያን ጊዜ ከጀልባው የኋላ ጫፍ፣ ከሸራው ሥር፣ ውሃ በጣሳ ሲጨልፍ የነበረ ሰው ቀና አለ። አባቴ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?" ብሎ ጮኸ። "አዞ እንዳይበላሽ ውጪ!"

እናቴ እዚያው ውሃው ውስጥ ቆማ ጮክ ብላ አለቀሰች።

የተጋደመው ማን ነበር? ጋሽ ሻንካ ናቸው። በሕይወት ነበሩ፤ ታመውም አልነበረም። ውሃ አላይም ብለው ነው ጋቢያቸውን ከራስ እስከ እግር ተከናንበው የተኙት። ጀልባዋ አሸዋውን ስትነካ ፒተር ዘሎ ወረደና ከአና ጋር ተቃቀፉ፤ ረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። አባዬ ጋቢውን ገልጦ በጋሞኛ፣ "ደርሰናል" አላቸው። ጋሽ ሻንካ በአንድ ዓይናቸው አሸዋውን አረጋግጠው ተነሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። መንገድ ላይ ሞተሩ ተበላሸ። ወዲያው ነፋሱ መጣና አዞዎች ፀሐይ ከሚሞቁበት፣ አዞ ገበያ ከሚባለው ዳርቻ አቅራቢያ ሸምበቆ ውስጥ ወረወራቸው። ሸምበቆውን በእጃቸው ጨብጠው፣ የሚገባውን ውሃ እየጨለፉ፣ ነፋሱ እስኪበርድ ቆዩ። "አዞዎቹ ከዳር ሆነው ያዩናል" አለ አባዬ። "ይሄ ልጅ ደግሞ ሌላ ጨዋታ የለውም። 'ጋሼ፣ አና እየጠበቀ ነው?' ይለኛል። ምን ታድርግ ሌላ፣ እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቀኛል።"

ማዘጋጃ ቤቱ ተዘግቷል። እናቴ፣ "በሉ ቤት እንሂድና ልብስ ቀይሩ፤ ነገ ይደርሳል" አለች። ጋሽ ሻንካ ግን እርጥብ ጋቢያቸውን አራግፈው ዙሪያውን ቃኙ።

"ሙሽራዋ የታለች?" አሉ በተሰበረ አማርኛ። "እኔ ለመተኛት አልመጣም። ለሙሽራ መጣሁ።"

አናና ፒተርን ጎን ለጎን አቆሟቸው። እሷ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው፤ እሱ ሸሚዙ ተቀዷል። ሽማግሌው ከዳር እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይዘው በጋሞኛ ይመርቁ ጀመር። አባዬ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ።

"ቤታችሁ እንግዳ አይጣ" አሉ። "አሜን" አልን።

"ከብታችሁ ይብዛ።"

አና ስትሰማ፣ "ከብት የለንም" አለችኝ። ለአባዬ ነገርኩት፣ አባዬ ለጋሽ ሻንካ።

"ይኖራችኋል" አሉ ጋሽ ሻንካ፣ ሳያመነቱ። "አሜን!"

"ስትጣሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጣሉ። አንዱ ሲዘገይ ሌላው በሩን አይዝጋበት። ሁለተኛ ደግሞ እኔን ውሃ ላይ አትጥሩኝ።"

አባዬ ይህን ሲተረጉም ሳቁ አላስጨርሰው አለ። እናቴ እልል አለች። ማርታ መዝሙሯን አነሳች፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ በጋሞ ዘፈን ተቀበሏት። መዝሙሩ በምን በኩል ወደ ዘፈን እንደተሻገረ እንጃ፣ ሁሉም ያጨበጭብ ነበር። የቀዘቀዘው ዓሣ ምድጃ ላይ ተመለሰ። በዳጣ በላነው፤ አና ዕንባዋ ከአፍንጫዋ ጋር እየወረደ "ጨምሩልኝ" ትል ነበር። ጋሽ ሻንካ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ጨፈሩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ሠርግ በልቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ከልቡ አንድ ቦታ ላይ የነበረበት ሠርግ ግን ያ ነው። ማን ተጠራ፣ ማን ተረሳ የሚል አልነበረም። ያለው ሁሉ ተጠርቷል።

ሰለሞንም አጨበጨበ። አባቴን አቅፎ ሳመው። ከዚያ እናቱ እንዳይቆጡት ብሎ ቶሎ ሄደ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ፈረሙ፤ አባዬና እናቴ ምስክር ሆኑ። ከተመለሱ በኋላ እናቴ ጭቃ የነካውን ነጠላ ጓሮ ስታጥብ ደረስኩ። አጠገቧ ተቀምጬ መጨመቅ ጀመርኩ።

"እኔን አባትሽ ሲያገባኝ ድንኳን አልነበረም" አለችኝ ከውሃው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። "ረዳት ነበር ያኔ። ጭነት መኪና ላይ፣ ቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። ላንቺ ድንኳን ድንኳን የምለው ለዚያ ነው። ትናንት ግን እዚያ ቁጭ ብዬ፣ የዕድሜዬ ቁጭት የነበረው ድንኳን አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።"

የነጠላውን ጫፍ ይዤ ጠመዘዝኩ።

"ያ ጀልባ ላይ ሰለሞን ቢሆን ኖሮ፣ ውሃው ውስጥ ትገቢ ነበር?" አለችኝ።

መልስ ፈለግሁ። "አዎ" ለማለት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። እናቴ አልጨቀጨቀችኝም። ነጠላውን ገመዱ ላይ እያሰጣች፣ "እንግዲህ ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራለሁ። ልጁን ግን ራስሽ ንገሪው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከሰው አፍ እንዳይሰማ" አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ሰለሞንን ኩልፎ ድልድይ አጠገብ አገኘሁት። ሠርጉ ይቅር ብዬ ስነግረው ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

"በካርዱ ነው? ለክፋት አይደለም እኮ ያልኩት።"

"አውቃለሁ። አንተ ባትቀድመኝ ኖሮ እኔም የምለው እሱኑ ነበር። ያስፈራኝ እሱ ነው፣ ሶል።"

"እናቴ ትገድለኛለች" አለ። ከዚያ ድንገት ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ድካም ነበረበት። "እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ከጥር ጀምሮ አልተኛሁም።"

እዚያ ድልድይ ላይ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሠርግ ያልሆነ ወሬ አወራን። ከዚያ ተለያየን። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ስንገናኝ በደህና ነው ሰላም የምንባባለው።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። የተበተነ ካርድ መሰብሰብ ከመበተን ይከብዳል። ትምህርት ቤት ስገባ መምህራኑ ወሬ ያቆሙ ነበር። ፈረንጅ አይታ አበደች ያለም አለ። የሰለሞን እናት መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። አባዬ ብዙ ቀን አኮረፈኝ፤ በኋላ ነው እናቴ ምን እንደነገረችው ባላውቅም አንድ ጠዋት ሻዩን አጠገቤ አምጥቶ የጠጣው።

ይህን የምጽፍላችሁ ሠርግ አትደግሱ ለማለት አይደለም። ታናሽ እህቴ ስታገባ እናቴ ድንኳኗን ጥላ፣ ሰው ጠርታ፣ ስትጨፍር ውላለች፤ እኔም አብሬያት ጨፍሬአለሁ። አና እና ፒተር ውጭ አገር መጥተው መጋባታቸው ወይም አሥር ሰው ብቻ መሆኑም አይደለም ቁም ነገሩ። እኔ የገባኝ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ እረፍት የነሳኝ ነገርና ያን ቀን ጫሞ ዳር ሁለቱን ሴቶች እረፍት የነሳቸው ነገር አንድ አለመሆኑን ነው። እናንተም ቀን የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ ለማንም ሳትነግሩ፣ የምትጨነቁት ለሰውየው ይሁን ለቀኑ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ካልወጣላችሁ አትቆጡ። እኔም አልወጣልኝም ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ አገባሁ። ባለቤቴ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሠርጋችን እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ከጎረቤት ጋር ነበር። ደስተኛ ነሽ ወይ ብትሉኝ፣ እንደማንኛውም ሰው እንጣላለን፤ በአንድ ጣሪያ ሥር። ዛሬ ከብት ለመከተብ ወደ ደጋው፣ ወደ ገረሴ በጠዋት ወጥቷል። ደጋው ላይ ዝናብ ይዟል። ይህን እየጻፍኩ ተነስቼ በሩን ከፍቼ መንገዱን አየሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ተነሳሁ።

ገና አልመጣም።